መልስ ለዚህ ጥያቄ፦ ስድስት ሰዎች በጠፈር መንኮራኩር ሲጓዙ በሚያሳየው ታሪኬ፣ መንኮራኩሯ ውስጥ የተደበቀውን ኤሊየን (ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር) በእራት ወሬ መሀል እንዴት ላስገባው?

በቁጥር አስገባው። ስድስቱ ተጓዦች እየበሉ ስለ ቤተሰብ ሲጫወቱ፣ አንባቢው ብቻ ሰባተኛ እንዳለ እንዲጠረጥር ከፈለግህ፣ የሚተነፍሱትን ቁጠር። አንድ ጠፈርተኛ በቀን 0.84 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ስድስቱ 5 ኪሎ ገደማ፣ ሰባት ቢሆኑ 5.9።

1. ከእራቱ በፊት፣ በሌላ ጉዳይ መሀል፣ የቀኑ የኦክስጅን ፍጆታ 5 ኪሎ መሆኑን ጥቀስ።
2. እራቱ ላይ ኢንጂነሯ እየጎረሰች "ዛሬ ደግሞ 6 ሊሞላ ምንም አልቀረው" ትበል።
3. አንዱ ወዲያው "ስፖርት አብዝተን ነዋ" ይበላት። ምክንያቱ እውነትነት አለው፤ እንቅስቃሴ ፍጆታን ይጨምራል። ከዚያ ወሬው ወደ ልጇ ልደት ይመለስ።

ፍጡሩ ኦክስጅን የማይተነፍስ ከሆነ የሚጎድለውን ውኃ ቁጠር።

ሌላው ጥሩ ፍንጭ የአየር መሳቢያው ወንፊት ነው። ክብደት አልባ በሆነ ክፍል አየሩን የሚያዘዋውሩት ማራገቢያዎች ናቸው፤ ስለዚህ የጠፋ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ተንሳፎ ሄዶ እዚያ ይለጠፋል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም የጠፋ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው እዚያ ነው። ለምሳሌ አንድ ማንኪያ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀንም ወንፊቱ ላይ ካልተገኘ፣ ማንኪያውን የያዘ ነገር እንዳለ አንባቢው ይገባዋል። መንኮራኩርህ ሰው ሠራሽ ስበት ካላት ግን ይህን ተወው።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ከቁጥሩ ቀጥሎ "ሁሉም ዝም አሉ" ሲባል ነው። ገጸ ባሕርያቱ ከአንባቢው እኩል ከነቁ ፍርሃቱ እዚያው ያልቃል። ሁለቱን ፍንጮችም አንድ ገበታ ላይ አታቅርብ፤ ማንኪያውን ለሌላ ቀን ቁርስ አቆየው።