መልስ፦ ፐብሊክ ዲፕሎማሲ ከፕሮፓጋንዳ በምን ይለያል?

«ፐብሊክ ዲፕሎማሲ የሚሉት ከረባት ያሰረ ፕሮፓጋንዳ አይደለም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ግማሹ እውነት ነው። ፐብሊክ ዲፕሎማሲ ማለት አንድ መንግሥት የሌላ አገር ሕዝብን በቀጥታ ለማናገር የሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱም የሌላ አገር ሕዝብን ልብ ለማግኘት የሚደረጉ ናቸው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ላኪው ማንነቱን ይናገራል ወይስ ይደብቃል የሚለውን ነው፤ ከደበቀ ወደ ፕሮፓጋንዳው ያዘነብላል።

አሜሪካ በቀዝቃዛው ጦርነት ሁለቱንም ጎን ለጎን ታስኬድ ነበር (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ የማን እንደሆነ ከስሙ ይታወቃል። ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ኮሚኒስት አገሮች ያሰራጭ የነበረው ሬዲዮ ነፃ አውሮፓ ግን በዜጎች መዋጮ የሚሠራ መስሎ ነው የተነሣው። ዋናው ገንዘብ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የሚመጣው ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ ነበር።

ጃዙ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሶቪየቶች የአሜሪካን የዘር መድልዎ እያነሡ ሲያብጠለጥሏት፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ1956 ጀምሮ እነ ዲዚ ጊለስፒን የመሳሰሉ የጃዝ ሙዚቀኞችን ወደ ውጭ መላክ ያዘ። ሌላው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ የመጣውም በዚሁ መሥሪያ ቤት ጉዞ ነው። ሙዚቃው ግሩም ነው፣ እሱን ማን ይክዳል! ግን በ1957 በአሜሪካዋ ሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲታገዱ፣ ጥቁሩ የጃዝ ሙዚቀኛ ሉዊ አርምስትሮንግ ተናደደ። መንግሥትን ወክሎ ሶቪየት ኅብረት እንደማይሄድ በይፋ ተናገረ። ቤት ውስጥ ያለው ጉድ ውጭ የተላከውን ሥራ እንዲህ ያበላሸዋል።

አንድ የምትወደው ነገር ልጨምርልህ። የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አድማጭ ያዘጋጀውን ዝግጅት እዚያው አገር ውስጥ ማሰራጨት ለረጅም ጊዜ በሕግ ተከልክሎ ነበር። የላላው በ2013 ነው።