መንጋጋዬ ውስጥ የሚገባው መስታወት የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የጥርስ ሐኪሜ የመንጋጋዬን የተበላ አጥንት "ባዮአክቲቭ ግላስ" በሚባል ነገር እንደሚሞላው ነገረኝ። ግላስ መስታወት አይደል እንዴ? አይቆርጠኝም? ደግሞ ቀስ በቀስ ይሟሟል አለኝ። ሟሙቶ የት ይገባል?

መልስ፦ ስሙ ያስደነግጣል፣ አይፈረድብዎትም። መስታወት መሆኑም እውነት ነው፤ ግን ሰባራ ብርጭቆ አያስቡ፣ ቅንጣቶቹ እንደ አሸዋ ደቃቅ ናቸው። የመስኮት መስታወት 70 በመቶ ገደማው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ማዕድን፣ ስለሆነ ዝናብ ቢወርድበት ምንም አይለው። ላሪ ሄንች የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው ግን ሲሊካው 45 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሶዲየምና ካልሲየም ሆኖ ትንሽ ፎስፎረስ ገብቶበታል። እንዲህ የላላ መስታወት የሰውነት ፈሳሽ ሲነካው መፈታት ይጀምራል።

መጀመሪያ ሶዲየሙ ይወጣና በቦታው ከውሃው ሃይድሮጅን ይገባል። በዚህ ጊዜ ዙሪያው ያለው ፈሳሽ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) እየሆነ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ የሲሊካውን ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል። ከተበጣጠሰው ከፊሉ በፈሳሹ ይወሰዳል፣ ከፊሉ እዚያው ገጹ ላይ እንደ ጄል ይረጋል። ጄሉ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ይለጠፉበትና ሲጠነክሩ የአጥንትን ማዕድን የሚመስል ሽፋን ይሆናሉ። አጥንት ሠሪዎቹ ሴሎች የሚይዙት እሱን ነው፤ መስታወት መሆኑን አያውቁም ማለት ይቻላል።

የሚገርመኝ ግን የሟሟው ክፍል ነው። ከሲሊካው የሚወጣው ሲሊከንና ካልሲየሙ መጠናቸው ልክ ሲሆን ሴሎቹ እንዲባዙና አጥንት እንዲሠሩ የሚያዙ ጂኖችን ያነቃቃሉ። ከልክ ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል። ላቦራቶሪ ውስጥ ትኩስ የመስታወት ዱቄት ሳህን ላይ ካሉ ሴሎች ጋር ቢቀላቀል አልካላይኑ ሊገድላቸው ይችላል፤ ለዚህ ነው ብዙ ተመራማሪዎች መስታወቱን አስቀድመው የሚዘፈዝፉት። ሰውነት ውስጥ ፈሳሹ ስለሚዘዋወር ያን ያህል አይጠራቀምም። ስለዚህ "ቶሎ የሚሟሟው ይሻላል" የሚል ማስታወቂያ ካዩ ወዲያው አይመኑ።

የት ይገባል ላሉት፣ ሲሊከኑ በደም ወደ ኩላሊት ሄዶ በሽንት ይወጣል፣ ካልሲየሙና ፎስፌቱ ለአዲሱ አጥንት ይውላሉ። ይህ በሳምንት አያልቅም፤ ወራት ይፈጃል፣ ቅንጣቱ ከፍ ካለ ከዚያም በላይ። ሐኪምዎን ሲያገኙት የቅንጣቱን መጠን ይጠይቁት፣ ምን ያህል እንደሚቆይ አብዛኛውን የሚወስነው እሱ ነው።