ከአሜሪካ የመጣው ቀፎ ሕንድ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። እናቴን ለሕክምና ይዤ ሕንድ ልሄድ ነው፤ ትኬታችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ሲመጣ የድሮ አይፎን 8 ትቶልኝ ሄዷል። በዋይፋይ አሪፍ ይሠራል። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሳስገባበት ግን «ሲም ኖት ሳፖርትድ» ይለኛል። ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ሞባይል ሠሪ በ2,500 ብር እከፍትልሻለሁ አለኝ። ላስከፍተው ወይስ እዚያው ሄጄ ሌላ ቀፎ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሽን ያዢ። ቢያንስ ለአሁኑ።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ስልክ የሚገዛው ከቴሌኮም ድርጅቱ በየወሩ እየከፈለ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ገንዘቡ እስኪያልቅ ቀፎው የእሱን ሲም ብቻ እንዲቀበል አድርጎ ይቆልፈዋል። ችግሩ ዕዳው ካለቀ በኋላም ቁልፉ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል፣ ሰውየው እዚያው አገር ያንኑ ሲም እየተጠቀመ ስለሆነ አይታወቀውም፣ ቀፎው ውቅያኖስ ተሻግሮ አንቺ ጋ ሲደርስ ነው ጉዱ የሚወጣው።

መጀመሪያ እርግጠኛ ሁኚ። ሴቲንግ፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት ግቢ። ወደ ታች ስትወርጂ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር አለ። «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ቀፎው ነፃ ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው። ሌላ ነገር ካለ ግን ተቆልፏል። ቀጥለሽ *#06# ደውዪ። አይኤምኢአይ የሚባለው፣ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥር ይመጣልሻል። እሱን ፎቶ አንሺና ለወንድምሽ በቴሌግራም ላኪለት።

ቀሪው የእሱ ሥራ ነው። ስልኩን የሸጠለት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ «አንሎክ» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ ኤቲ ኤንድ ቲ ከሆነ የሚያዩት ክፍያው ማለቁን፣ ቢያንስ 60 ቀን መሥራቱንና ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ አለመመዝገቡን ነው። ክፍያ የለውም። የራስን ቀፎ ማስከፈት በፈረንጆች 2014 በወጣ ሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ማፈር አያስፈልገውም። አይፎን ላይ የሚመታ ኮድ የሚባል ነገር የለም። ፈቃዱ በቁጥሩ ላይ ይመዘገባል፣ አንቺ ሲምሽን ከትተሽ ዋይፋይ ስታበሪ ራሱ ይለቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንዴ ፎርማት አድርጊው ይሉሻል። ከማድረግሽ በፊት ወንድምሽ አፕል አካውንቱን ከቀፎው ላይ ማውጣቱን አረጋግጪ። ይሄ ከሲሙ ቁልፍ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ለብቻው ሌላ ቁልፍ ነው። አካውንቱ እንዳለ ፎርማት ካደረግሽው ስልኩ ሲነሳ የሱን ፓስወርድ ይጠይቅሻል፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው፣ ወይም ፓስወርዱን ከረሳው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሞባይል ሠሪው ምን ሊያደርግልሽ እንዳሰበ የምገምተው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር ዱባይ ልንሄድ ስንል እንዲሁ የተቆለፈ አይፎን ነበረኝ። አንድ ልጅ «አር ሲም» የሚሏትን ቺፕ አስገባልኝ። ከሲሙ ጋር ተጣብቃ የምትገባ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነገር ናት። ሥራዋ ማታለል ነው፤ ስልኩ የኛን ሲም ያየዋል፣ ግን የአሜሪካውን ድርጅት ሲም ያየ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ላይ ግሩም ሠራች። ዱባይ በገባን በሁለተኛው ሌሊት ስልኩ በሆቴሉ ዋይፋይ አፕዴት አደረገ። ጠዋት ኔትወርክ የለም። ሰዓት ማያ ሆኖ ቀረ። ሲሙን ላወጣ ብል ቺፗ ውስጥ ተጣጥፋ ማስገቢያው አልከፈት አለ፣ በባለቤቴ የጆሮ ጌጥ ስጎረጉር ግማሽ ቀኔ ሄደ። ሁሉም ሠሪ እንዲህ ነው አልልም፣ ስክሪን ሲሰበርብኝ የምሮጠው እነሱው ጋ ነው። ብቻ ጠይቂው፦ «በምንድን ነው የምትከፍተው?» «በቺፕ» ብሎ ከመለሰልሽ አመስግነሽ ውጪ።

ድርጅቱ ከፈቀደ ሕንድ ላይ ችግር አይኖርሽም። ጂዮ የሚባለው ትልቁ ኔትወርካቸው ከ4ጂ በታች የለውም፣ አይፎን 8 ደግሞ 4ጂ አለው። ሲም ለማውጣት ፓስፖርትና ቪዛ ይጠይቁሻል፤ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ፣ እናትሽን ሆስፒታል አስቀምጠሽ ፎቶ ቤት መፈለግ አያምርም።

አይፎን 8 የሚይዘው አንድ ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያውን ሲም ቤት ካለች የቁጥር መጫኛ ያላት ተራ ቀፎ ውስጥ ክተቺና ሮሚንግ፣ ማለት ሲሙን ውጭ አገር የሚያሠራውን አገልግሎት፣ አስከፍተሽ ይዘሻት ሂጂ። የባንክ መልእክትም የቴሌግራም ኮድም የሚመጣው በእሱ ነው።

ወንድምሽን ዛሬ ማታ ደውዪለት። ድርጅቱ አይሆንም ካለ ገና ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ የዘጌ ሰው ነኝ። ልጄ አሜሪካ ወልዳ ልጠይቃት ልሄድ ነው። የቁጥር መጫኛ ያላት ተራ ኖኪያ አለችኝ፣ ስንት ዓመት ያገለገለችኝ። እሷንም መክፈት ያስፈልጋል?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ለአያትነት አበቃዎ። የእርስዎ ቀፎ የኛን ሲም የሚቀበል ስለሆነ የሚከፈት ነገር የለውም። ግን እዚያ አይሠራም ብለው ይቁጠሩ። የኛ አገር ሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ የሚሄደው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው በ850 እና በ1900 ነበር። ነበር የምልዎ፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ለምሳሌ 2ጂውን በፈረንጆች 2017፣ 3ጂውን በ2022 ዘግቶታል። ኖኪያዋን ሲሟ እንዳለች ለሚያምኑት ሰው ትተው ይሂዱ። ልጅዎ እዚያ አንድ ታዘጋጅልዎ። በኖኪያዋ ቦታ ሁለት ኪሎ የዘጌ ቡና ሻንጣው ውስጥ ይጨምሩ።