እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ምርጫ ግን ቀጠሮ አለው

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ለከተማ ምክር ቤት ለሚወዳደር አንድ ሰው በበጎ ፈቃድ ትቀሰቅሳለች። ድምጿ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ግብሩን አልከፈለም የሚል ወረቀት በየቤቱ በተኑበት» አለችኝ።

«ውሸት ነው?»

«ዓይን ያወጣ ውሸት! ደረሰኙ እኮ ቢሮአችን መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«ታዲያ ምን መለሳችሁ?»

ትንሽ ዝም አለች። «ንቀን እንለፈው ተባለ። መልስ ከሰጠን ወሬውን እናራግበዋለን አሉ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷ ብቻ አይደለም። አገር ቤትም ሆነ በውጭ፣ ለምታምኑበት ፓርቲ ቤት ለቤት ለምትዞሩ፣ ወረቀት ለምታድሉ፣ ስልክ ለምትደውሉ ልጆች ሁሉ ነው።

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ጠበቃ ነኝ። አዲስ አበባ ጀምሬ እዚህ የጨረስኩት፣ ፍርድ ቤት ስመላለስ የሸበትኩ ሰው። ሙያዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር ክስ ሲመጣ መልስ እንደሚሰጥ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ ተከሳሽ በመከላከያ መልሱ ለይቶ ያልካደውን ፍሬ ነገር እንዳመነው ይቆጥርበታል። ስንት ደንበኛ «እውነቱን እግዜር ያውቀዋል» እያለ የክሱን ወረቀት ቤቱ አስቀምጦት፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ እያለቀሰ መጥቶብኛል። እግዜርማ ያውቃል። ዳኛው ግን የሚያየው መዝገቡን ነው። መራጭም እንደዚያው ነው። የሰማውን ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው ይሄዳል።

«ዝምታ ወርቅ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። ለጨዋ ሰው መልስ መስጠት ነውር ይመስለናል። ግን እኮ እነዚያው አባቶቻችን በላ ልበልሃ ነበራቸው። ዛፍ ሥር ሸንጎ ይቀመጣል። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቆማሉ። «ተጠየቅ» የተባለ ሰው ነገ እመለስበታለሁ አይልም። እዚያው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ በግጥም በምሳሌ አድርጎ ይመልሳል። አያቴ በዚህ ሙግት የታወቁ ሰው ነበሩ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። እናም ለክስ አንገት ቀና አድርጎ መመለስ ከፈረንጅ የተማርነው ብልግና አይደለም።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዋሽንግተን ገና መምጣቴ ነበር። ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ትንሽዬ ቴሌቪዥን ነበረችን፤ የዚያን ዓመት ምርጫ በእሷ ነው የተከታተልኩት። የዴሞክራቶቹ ዕጩ የማሳቹሴትስ ገዢ ማይክል ዱካኪስ ነበር። የስደተኛ ልጅ በመሆኑ እኛ አበሾቹ በጣም ወደድነው። ሐምሌ ላይ በሕዝብ አስተያየት ጥናት የሪፐብሊካኖቹን ዕጩ ጆርጅ ቡሽን በ17 ነጥብ ይመራ ነበር።

ከዚያ የእስረኛው ነገር መጣ። በማሳቹሴትስ እስረኞች ለቅዳሜና እሁድ በፈቃድ የሚወጡበት ሥርዓት ነበር። በግድያ የዕድሜ ልክ የተፈረደበት አንድ ሰው በዚህ ፈቃድ ወጥቶ ጠፋ። እኛ ካለንበት ብዙም በማይርቀው ሜሪላንድ ቤት ሰብሮ ገባ። ወንድየውን በጩቤ ወጋ፣ እጮኛውን ደፈረ። አሰቃቂ ወንጀል ነበር። ማስታወቂያ ሠሪዎቹ የዚያን ጥቁር ሰው ፎቶ ከዱካኪስ ፎቶ ጋር እያፈራረቁ አሳዩ። የነጩን መራጭ ፍርሃት ለመቀስቀስ ታስቦ የተሠራ ነበር። እኔ ጥቁር ሰው ሆኜ፣ ሌሊት ብቻዬን ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሳየው አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

ዱካኪስ መልስ አልነበረውም? ነበረው! ያንን ሥርዓት በ1972 የጀመረው ከእሱ በፊት የነበረው የሪፐብሊካን ገዢ ነው። በሪፐብሊካኑ ሬገን ዘመን የፌዴራል እስር ቤቶችም እስረኛ በፈቃድ ያስወጡ ነበር። እርግጥ ዱካኪስ ራሱ በ1976 ነፍሰ ገዳዮች በፈቃድ እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ ሳይፈርም መልሷል። እሱን አምኖ ማስረዳት ነበረበት። በ1988 ሚያዝያ ላይ ደግሞ ለነዚህ እስረኞች ፈቃዱ እንዲቀር ፈርሟል። ይህን ሁሉ ይዞ ሳለ ሳምንታት ዝም አለ። ጭቃ ውስጥ አልገባም ብሎ ነው። ኅዳር ላይ ቡሽ 40 ስቴት ወሰደ። ዱካኪስ በኋላ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ፣ ጥቃቱን አለመመለሱ ትልቅ ስህተት እንደነበር ተናግሯል። ጨዋ ሰው ነው። ጨዋነቱን የሚወዱለት ሰዎች ግን አራት ዓመት ጠበቁ።

በ1992 ቢል ክሊንተን ያንን ሽንፈት ያጠኑ ሰዎችን ይዞ መጣ። አርካንሳስ ውስጥ፣ ሊትል ሮክ ከተማ፣ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ የዘመቻው መሪዎች ጄምስ ካርቪልና ጆርጅ ስቴፋኖፖሎስ ወጣቶቹን ሰበሰቡ። ክፍሉን «የጦር ክፍል» አሉት። አብዛኞቹ የእናንተ እኩያ ነበሩ። ሥራቸው ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ክሱ ጠዋት ከተሰነዘረ መልሱ እስከ ማታ ዜና መድረስ አለበት። ማስረጃው ይፈለጋል፣ ይጻፋል፣ በፋክስ ለጋዜጠኞች ይላካል። ተመልካቹ ክሱንና መልሱን በአንድ ምሽት ይሰማል። ክሊንተን አሸነፈ።

ይህ ትምህርት ግን ይረሳል። በ2004 የዴሞክራቶቹ ዕጩ የጆን ኬሪ ተራ ደረሰ። ቬትናም ዘምቶ ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ነው። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቡድን ጀግንነቱ ውሸት ነው የሚል ማስታወቂያ አወጣ። መጀመሪያ የታየው በሦስት ስቴት ብቻ ነበር። የኬብል ቴሌቪዥኖቹ ግን ተቀባበሉት፣ አገር አዳረሱት። የባሕር ኃይሉ መዝገብ ለኬሪ ይመሰክር ነበር። እሱ ራሱ ፊት ለፊት የተናገረው ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቦስተን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ንግግር ሲያደርግ ነው። በመጨረሻ ኦሃዮ ላይ በ118 ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፈ፤ ምርጫው በዚያ አለቀ። ያ ማስታወቂያ ብቻውን ጣለው አልልም፤ የምርጫ ውጤት ብዙ እናት አለው። ግን የዚያን ጊዜ አንድ ጓደኛዬ፣ አየር ማረፊያ የታክሲ ተራ ሲጠብቅ፣ «ሰውየው ውሸታም ባይሆን ኖሮ ይናገር ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሞኝ ሰው አልነበረም። ዝምታውን አየና ፈረደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። አምንበታለሁ። ግን ምርጫ ቀጠሮ አለው። ከድምፅ መስጫው ቀን በኋላ የጠራ እውነት ለታሪክ ጸሐፊ እንጂ ለመራጭ አይደርስም።

መልሱ እንዴት ይሁን? እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። መታገል መሳደብ አይደለም። የኛን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ አስታውሱ፤ ያልደረሳችሁበትም ትልልቆቹን ጠይቁ። ፓርቲዎቹ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ተሟገቱ። እኛ እዚህ ካሴቱን እየተዋዋስን ነበር የምናየው። አንዱ ሲከስ ሌላው እዚያው ይመልሳል። በላ ልበልሃ ተመለሰ አልን! ሰው በክርክሩ ተነቃቅቶ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይን ሞላው። ነገር ግን በዚያው ቅስቀሳ ላይ ተቃዋሚውን «ኢንተርሃምዌ» ብሎ በሩዋንዳ ገዳዮች ስም መጥራትም ተሰምቷል። እንዲህ ያለው ቃል ሲወረወርባችሁ በኃይል ካዱት፣ በማስረጃ አፍርሱት። እናንተ ግን ሌላውን ወገን በዚያ ዓይነት ስም አትጥሩት። ከዚያ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደም ዛሬም ያቃጥለኛል። የምላችሁ ትግል በአፍና በወረቀት የሚያልቅ ነው።

መልስ ማለትም ክሱን መካድ ብቻ አይደለም። በ2008 ባራክ ኦባማን በድብቅ እስላም ነው እያሉ ያሙት ነበር። ዘመቻው ሐሜቱን የሚያፈርስ ድረ ገጽ ከፈተ። ትክክል ነበር። ከሁሉ የበለጠውን መልስ የሰጠው ግን የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ሪፐብሊካኑ ኮሊን ፓወል ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ አይደለም፣ ክርስቲያን ነው አለ። ቀጥሎ፣ ቢሆንስ ምን አለበት ብሎ ጠየቀ። አርሊንግተን መቃብር ላይ የልጇን የመቃብር ድንጋይ ተደግፋ ስለተቀመጠች እናት ፎቶ አወራ። ልጇ ለአሜሪካ ኢራቅ የሞተ የ20 ዓመት ወታደር ነበር። ድንጋዩ ላይ ጨረቃና ኮከብ ተቀርጿል። እኔ ያደግኩት ከእስላም ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ቀን ሶፋዬ ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ። ፓወል ክሱ ውስጥ የተደበቀውን ንቀትም ከተሸሸገበት አውጥቶ መታው።

እርግጥ ለእያንዳንዱ አሉባልታ መሮጥ የለባችሁም። ሦስት ሰው ፌስቡክ ላይ የጻፈውን ተዉት። ክሱ በር ሲያንኳኩ ከተጠየቃችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከሰማችሁት ግን ወጥቷል። ያን ጊዜ በዚያው ቀን፣ በአጭሩ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ መልሱ። ጥፋት ካለባችሁም እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩት።

ለእህቴ ልጅ በማግስቱ ይህንኑ ነገርኳት። «ደረሰኙን አውጡት። ኮፒ አድርጋችሁ ያ ወረቀት የገባበት ቤት ሁሉ አድርሱት። ዕጩው ራሱ በር ያንኳኳ።» «የዘመቻው አለቆች ቢናደዱብኝስ?» አለችኝ። «ይናደዱ፤ አንቺ ግን በስብሰባው ላይ ተነሺና ተናገሪ» አልኳት።

ትናንት ማታ ፎቶ ላከችልኝ። ጠረጴዛው ላይ የደረሰኙ ኮፒ ተቆልሏል። አጠገቡ የጎዳናዎቹ ስም ዝርዝር። ምርጫው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት እዞራለሁ።