ሱፐርሲሜትሪ ሞቷል ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ

ሰሞኑን አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሱፐርሲሜትሪ ሞቷል እየተባለ ነው፣ ፊዚክሱን ትቼ ኤአይ ብገባ አይሻልም?» ብሎ ጻፈልኝ። እናንተ ልጆች ደግሞ ሁሉም ነገር ወይ ሞቷል ወይ አለ ነው። ሱፐርሲሜትሪ ማለት የምናውቀው ቅንጣት ሁሉ ገና ያልታየ ጓደኛ አለው የሚል ሐሳብ ነው። ግን ጥያቄው እ.ኤ.አ. 2011ን አስታወሰኝ።

ያኔ አሜሪካ ሆኜ ቲዎሪ ነው የምሠራው። ቢ-ኤስ የሚባል ቅንጣት አለ፣ ወደ ሁለት ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ወንድም በሉት) የሚፈርሰው ከቢሊዮን 3 ወይ 4 ጊዜ ነው። ሱፐርሲሜትሪ ካለ ግን ከባዶቹ አዳዲስ ቅንጣቶች ቅንጣት አጋጪው ማሽን ሊፈጥራቸው ባይችል እንኳ መሀል ገብተው ቁጥሩን ያንሩታል፣ ታንጀንት ቤታ የምንላት የሱፐርሲሜትሪ ቁጥር ትልቅ ከሆነች ደግሞ በስድስተኛ ፓወር ነው የሚያድገው። ጁላይ ላይ አሜሪካ ፌርሚላብ የሚባለው ቤተ ሙከራ ያለው ሲዲኤፍ የሚባል ኤክስፐርመንት ከቢሊዮን 18 አካባቢ የሚል ቁጥር አወጣ። በቃ እንቅልፍ የለም፣ ይሄ ሱፐርሲሜትሪ ነው የሚለው ፔፐራችን በሳምንቱ አለቀ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፣ ዝምተኛ። «የልኬቱ ስህተት እኮ የቁጥሩን ግማሽ ያህላል፣ አውሮፓ ያለው ሰርን ዳታ ሊያወጣ ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ» አለች። እኔ ሰው ሁሉ ቁጭ ባለበት «ፈሪ ሳይንቲስት አይሆንም» አልኳት። ምንም አልመለሰችም፣ ማታ ስሜን አውጡልኝ ብላ ኢሜይል ላከች፣ እኔም ደስ እያለኝ አወጣሁት።

ሳምንታት ሳይቆይ ሲኤምኤስና ኤልኤችሲቢ የሚባሉት የሰርን ኤክስፐርመንቶች ያን ጭማሪ አላየነውም አሉ። ኖቬምበር 2012 ላይ ኤልኤችሲቢ ከቢሊዮን 3.2 አለ፣ ያው ሱፐርሲሜትሪ የሌለበት የድሮው ፊዚክስ። እናቴ ያኔ በስልክ «ያ የምትፈልገው ነገር ተገኘ?» ትለኛለች ሁሌ፣ «አልተገኘም እማ» ስላት «አይዞህ፣ የት ይሄዳል»። የት እንደሚሄድማ አየነው።

ኤክስፐርመንት የሚሠሩት ሲግናሉ ያለበትን ክፍል ሸፍነው ሌላውን ሁሉ ጨርሰው ነው የሚከፍቱት፣ ምኞታቸው እጃቸውን እንዳይመራው። እኛ ቲዎሪስቶች የምንሸፍነው ነገር የለንም። የኔን ልትሸፍንልኝ የሞከረችው ያቺ ተማሪዬ ነበረች። እና ጠብቁ ልበላችሁ? እንጃ፣ ሁሉም ቢጠብቅ ማን ይጽፋል፣ ዛሬም ቢሆን ያን ፔፐር የምጽፈው ይመስለኛል። ያቺን ቃል ግን አልናገርም ነበር።

ላንተ ደግሞ፦ ግባ። ኤአዩንም ተማር፣ ፓዮን የሚባለው ሌላ ቅንጣት ሙዮን መስሎ ሲያታልል የሚለየው አሁን እሱ ነው። ሞተ የሚሉህም አይምሰልህ፣ ትልቁ ታንጀንት ቤታ ብዙ ቦታ አጣ እንጂ ሁሉም አልተዘጋም። ያቺ ተማሪዬ አሁን ባንክ ነው የምትሠራው አሉ። አልጻፍኩላትም።