ኦክስጅን ሲያጥር፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

«ለቡና የተያያዘ ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላ መኝታ ቤት ቢያድር ጉዳት አለው?»

አለው፤ እንዲያውም ሰው የሚዘናጋው ጭስ በሌለው ፍም ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሳንባ አየር እየሳበ፣ ልብም ደም እየረጨ አንጎል ኦክስጅን ያጣል። በመጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል፤ ሰውዬው በሩን ልክፈት ብሎ ቢነሣ እንኳ እግሩ አይታዘዝለትም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በጋዙ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ፣ እየታፈነ ያለውን ሰው ደኅና አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ተጎጂውን ፈጥኖ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም ከሰል እንደነበረ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

«አንጎል ያለ ኦክስጅን ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

ልብ ቀጥ ካለ ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ሊጀምር ይችላል።

«ከውጭ የመጣው ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። አየሩ ኦክስጅን የለውም ማለቱ ልክ ነው?»

ልክ አይደለም። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ጅቡቲ ወደብ ላይም 21 በመቶ ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚቀንሰው የአየር ግፊቱ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ሰውነቱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። የእኔ መገረም ሌላ ቦታ ነው፦ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው የሚገኘው የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው።

«ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ በብርድ ወራት ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ አያለሁ። መርዝ ጨምረውበት ይሆን?»

መርዝ ከማለት በፊት ብርዱን መጠርጠር ይሻላል። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የተኛ ጥልቅ ሐይቅ በመሆኑ ሞቃቱ የላይኛው ውኃና ቀዝቃዛው የታችኛው ለወራት ሳይደባለቁ ይቆያሉ፤ ከታች የሚበሰብሰው ነገርም በዚያ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድና ሲሰምጥ፣ ኦክስጅን አልባው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ቆሮሶ መሸሻ ያጣል፤ አምባዛ ግን ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ ይችላል።