አምሮታችሁን በሻንጣ አትላኩ

ልጆች ትምህርት ቤት ሊዘጉ ነው። ወደ አገር ቤት ትኬት የቆረጠ ቆርጧል። ቅዳሜ ዕለት ኮስትኮ የሚባለው ትልቅ መደብር ብትገቡ ጋሪ ሙሉ ቸኮሌት፣ ሎሽንና ካልሲ የሚገፋ አበሻ አታጡም። ከመሀላቸው የእኛ የጅማ ልጅ አይጠፋም። "ምን ይዤ ልሂድ?" ብሎ ይደውልልኛል። እኔ እዚህ አሜሪካ ስኖር ጸጉሬ ሸብቷል። ብዙ ሻንጣ ሲሸከፍ፣ ብዙ ሻንጣ ሲራገፍ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ እንደ ታላቅ ልቆጣችሁ ነው። የሚቀየም ይቀየም።

1. ወረቀት

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን፣ ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ወይ ቪዛውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ውክልና ስትሰጡ ሳታነቡ አትፈርሙ። አለቀ። ይሄን ማንም ይነግራችኋል።

2. ያኔ ያማረን ነገር

በደርግ ጊዜ ጅማ ያደገ ሰው የምለው ይገባዋል። ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ነበር። ኩፖን ተይዞ ሕብረት ሱቅ ሰልፍ ይወጣል። የተገኘችው ስኳር ጣሳ ውስጥ ገብታ ቁም ሳጥን ይቆለፍባታል። የምትወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ቤተሰቡ ቡናውን በጨው ይጠጣል። ጅማ ላይ ዛሬም በጨው ካልሆነ ቡና የማይጥማቸው እናቶች አሉ። እኛ ልጆቹ ግን በስኳር የሚጠጣበትን ቤት ለይተን እናውቅ ነበር። መልእክት ስንላክ እዚያ ቤት ቆየት እንላለን።

ኒዶማ ሌላ ዓለም ነው። ዱቄቱን በማንኪያ ዝቆ፣ በውኃ ሳይበጠብጡ፣ ደረቁን! ላንቃ ላይ ተጣብቆ ቀስ እያለ ይሟሟል። ሚሪንዳ የበዓል ነው። እሱም አንዱ ጠርሙስ ለሦስት ልጅ፣ በብርጭቆ እየተለካ። የክርስቲያኑ ልጅ ለዒድ ጎረቤት ይሄዳል፣ የሙስሊሙ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል። የሁላችንም ዓይን ግን የለስላሳው ሣጥን ላይ ነው። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስንወጣ ደግሞ ኬክ ቤቱ መስታወት ላይ አፍንጫችንን ለጥፈን ሚልፎዩን እናያለን። መግባት አይታሰብም።

ቦት ጫማም ነበር። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም። ቦት ያለው ልጅ ጭቃውን እያንቦጫረቀ በመንገዱ መሀል ይሄዳል። እኛ በኮንጎ ጫማ ጥግ ጥጉን እንዘላለን። ቴሌቪዥን አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ1957 ነው፣ በቀለም የታየው በ1977። እኛ ሰፈር ግን ያለው አንድ ቤት ነበር። ስንት ልጅ ውስጥ እንዳለ በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ ይታወቃል።

በዚያው ጊዜ ማር ቤታችን ነበረ። ቡና ጓሮ ነበረ። ዘይቱን ዛፍ ላይ ወጥተን ሆዳችን እስኪነፋ እንበላለን። አቮካዶው መሬት ወድቆ ይበሰብሳል። እነዚህን ሀብት ብሎ የጠራ ሰው አላስታውስም። አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ኬላ ላይ ቆሞ ቡና ሲፈተሽ እንኳ፣ ከጓሮ ለተለቀመ ነገር ይሄ ሁሉ ግርግር ለምን እንደሆነ አይገባንም ነበር። ዛሬ ያንኑ የሊሙ ቡና በትንሽ ከረጢት አድርገው ሲሸጡት ዋጋውን አነብና መደርደሪያው ላይ እመልሰዋለሁ።

3. ሻንጣው

አሁን የሸከፋችሁትን ሻንጣ ክፈቱና እዩት። ቸኮሌት፣ ከረሜላ፣ የዱቄት ወተት፣ ስኒከር። ያው የድሮው አምሮታችን አይደለም እንዴ? "ለእህቴ ልጆች ነው" ትላላችሁ። የእህታችሁ ልጅ ቸኮሌት ካማረው ሄርማታ ገበያ ወርዶ ይገዛል። ኒዶውም፣ ለስላሳውም፣ ስኒከሩም እዚያው አለ። ቸኮሌቱን የምትገዙት መስታወት ላይ አፍንጫውን ለለጠፈው ልጅ ነው። እሱ ደግሞ አድጎ፣ መኪና ይዞ፣ ጋሪ እየገፋ ነው።

"እዚያ ውድ ነዋ" የሚል አይጠፋም። ውድ ነው፣ አልክድም። ግን ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀድላችሁ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው። ግማሹን በስኳር ከሞላችሁት ለዋናው ነገር ምን ቦታ ቀረ?

ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ ብናገር አልጨርስም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ሰውየው ጁስ መፍጫውን ከዚህ ድረስ ተሸክሞ ይሄዳል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ አቮካዶው ይላጣል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል። ጢስ! ከመግዛታችሁ በፊት ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ ተዉት። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ችግር የለበትም። ጸጉር ማድረቂያና ጁስ መፍጫ ግን ይቃጠላል። ይሄን ስነግራቸው "ትራንስፎርመር ይገዛሉ" የሚሉኝ አሉ። ስጦታ ሰጥታችሁ ዕዳ?

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ። ወላጆቻችሁ ስኳር በሽታ አለባቸው? ግፊትስ? "የለባቸውም" ካላችሁኝ ማን ነገራችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ውጭ ላለ ልጅ ክፉ አይወራም። በስልክ ሁሉም ደህና ነው፣ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም አልሐምዱሊላህ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስኳር እንዳለባት እኔ የሰማሁት ሐኪሞቹ ስለ እግሯ መነጋገር ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ "ልጄ የላከው ነው" እያለች ጣፋጩን ለሰፈር ልጆች ስታድል ኖራለች። አንድም ቀን "ይቅር፣ አትላክ" አላለችኝም። እንዴት ትበል? ልጅ የላከው ነገር ይመለሳል እንዴ? ማንም አልነገረኝም። ይሄ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ "ምን ልላክላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ይታወቃል፦ "ምንም አይጎድለን፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልን።" ይሉኝታ ነው። በጎን ሂዱበት። የእህታችሁን ትልቋን ልጅ ለብቻዋ ደውሉላትና "እማማ መድኃኒቷን ከየት ነው የምትገዛው? ባለፈው ወር ያቋረጠችው አለ?" በሏት። ታወራላችኋለች።

ከዚያ በኋላ ሻንጣው ራሱ ይሞላል። የስኳር መለኪያ፣ ከነስትሪፑ፣ የደም ጠብታ ከሚነካባት ቀጭን ወረቀት ጋር ማለቴ ነው። ማሽኑን ይዞ ስትሪፑን የሚረሳ ሰው ስንት አለ! የሌላ ማሽን ስትሪፕ አይሠራለትም፣ ስለዚህ የራሱን በርከት አድርጋችሁ ያዙ፣ የሚያልፍበትንም ቀን እዩ። በባትሪ የሚሠራ የግፊት መለኪያ። የማንበቢያ መነጽር፣ የተለያየ ቁጥር ያለው። ዳዊቱንም ቁርአኑንም ማንበብ ያቃታቸው ሽማግሌዎች ሰፈር ሙሉ አሉ። የማያንሸራትትና እግር የማይልጥ ጫማ፣ ምክንያቱም ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቆስሎ ላይሰማው ይችላል። መድኃኒት ከሆነ ሐኪማቸው ያዘዘውን ወረቀት ፎቶ አስነስታችሁ አስልኩ፣ ከዚያ እዚህ ሐኪም ወይ ፋርማሲ ጠይቁ። ከየጓደኛው ቤት የተረፈ ክኒን ሰብስባችሁ እንዳትሄዱ! አደራ።

4. ብሩና ሳሎኑ

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 አለፈ። ብዙዎቻችሁ በአንድ ሌሊት ሀብታም የሆናችሁ መሰላችሁ። የዕቃውም ዋጋ ተከትሎ መውጣቱን ቤተሰብ ይነግራችኋል፣ ከነገራችሁ። እና ያ "ተረፈን" ያላችሁት ብር የት ገባ? ሳሎን።

ልጆች ሳለን ሳሎን ያለው ቤት የሀብታም ቤት ነበር። ብፌ፣ ብፌው ውስጥ የማይነኩ ብርጭቆዎች፣ ሶፋው ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል። ይኸው ዛሬ ጅማ ላይ የምናሠራው ቤት ግማሹ ሳሎን ሆኗል። የሶፋው ፕላስቲክ ገና አልተነሳም። ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሞልቶታል፣ መብራት ሲኖር። አባትና እናትስ? ጓሮ ማድ ቤት፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ሳሎኑን ለእናንተ ነው የሚጠብቁት። በሦስት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ሰው! ስትሄዱ ደግሞ "ለምን ሳሎን አትቀመጡም?" ብላችሁ ትቆጧቸዋላችሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሽንት ቤቱ የት ነው? ሳሎኑን ያሠራችሁበት ቤት ሽንት ቤት የት ነው? ስንቱ ቤት አሁንም ግቢ ጥግ ላይ ነው። በጅማ ክረምት፣ በሌሊት፣ በዚያ ዝናብ፣ እናታችሁ ባትሪ ይዛ ጭቃውን ትሻገራለች። ሳሎኑ ውስጥ ግን የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ አለ። እርጥብ እግር ሲረግጠው ይጥላል። ሽማግሌ ሰው ዳሌው ከተሰበረ መነሣቱ ከባድ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ከመኝታ ክፍላቸው አጠገብ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አሠሩ። ተደግፈው የሚነሱበት ብረት ግድግዳው ላይ ይተከል። ውኃ ይቋረጣልና ሮቶ ይሰቀል። ሴራሚክ ካልቀረላችሁ ሻካራውን ምረጡ። ደረጃ ካለ መያዣ ይኑረው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብር ከተረፈ ብፌውን ግዙ። እኔ ምን አገባኝ።

የበዓል ብርም እንዲሁ ነው። ለፋሲካ ወይ ለዒድ ጠቀም ያለ ብር ልኮ መስከረም ላይ የሚጠፋ አጎት ሞልቷል። በጉ ይታረዳል፣ ፎቶው ይላካል፣ ሁሉም ይመርቃል። ልጅቷ ግን ደብተር በዱቤ ትገዛለች። የበዓል ብር ለምን እንደሚጣፍጠን አውቃለሁ። ያኔ የጠገብነው በበዓል ብቻ ስለሆነ ነው። ቤተሰባችሁ የሚኖረው ግን በመሀል ባለው ቀን ነው። ትንሽ ይሁን፣ ግን በየወሩ፣ በቀኑ ይድረስ። የትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። አጎቶች አትቀየሙኝ። ወይ ተቀየሙ።

5. እዚህ ያሉት ልጆቻችሁ

ይሄኛውን በአጭሩ፣ ደክሞኛል። ለእነሱም ያንኑ አምሮት ነው የምታበሏቸው። ፍሪጁ ሙሉ ለስላሳ፣ ቁም ሳጥኑ ሙሉ ጫማ። "እኔ ያጣሁትን ልጄ አያጣም" ነው ነገሩ። ከአያታቸው ጋር በስልክ ሲገናኙ ግን ከ"ሃይ" ሌላ የሚሉት የላቸውም፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። እናንተ ሁለቱንም ያገኛችሁት መንገድ ላይ ኳስ ስትጫወቱ ነው፣ ሳንቲም ሳትከፍሉ።

ትኬት ያልቆረጣችሁ ክረምቱን ተዉት። ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጥቂት ቀን ጨምራችሁ ኅዳር ላይ ውሰዷቸው። ዝናቡ ቆሟል፣ ቡናው ቀልቷል፣ ለቀማ ነው። ትኬቱም ብዙ ጊዜ ከሐምሌው ይረክሳል። ሆቴል አታስገቧቸው፣ አያታቸው ዘንድ ይደሩ። ሐሙስ ገበያ ይውጡ። ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይዩ። የቀረውን ቀን ከአክስታቸው ልጆች ጋር ቡና ይልቀሙ። ስልኩን ቀሟቸው። አስተማሪያቸው ለምን ቀሩ ካለች ማስታወሻ ጻፉላት፣ ስትመለሱም ግማሽ ኪሎ የተቆላ አምጡላት።